የመሪጌታው ኪኒን

ቢቸና የተመደብኩት በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ድሬሰር ነበርኩ፤ ቁስል አጣቢ፣ መርፌ ወጊ፣ ኪኒን አዳይ፣ ሐኪም ሲጠፋ ሐኪም፣ ዘበኛው ሲታመም ዘበኛ። አገሬ ወሎ ነው፤ እስላም ነኝ። ይህን ከወዲሁ የምናገረው ኋላ ስለሚያስፈልገኝ እንጂ ማንም ጠይቆኝ አይደለም። ቢቸና ግን ገና ከመኪና ሳልወርድ ጠይቃኛለች።

ጤና ጣቢያው ሁለት ክፍል ነበር። ጧት በሩን ስከፍት ሰልፉ አጥሩን ዞሮ ይጠብቀኛል፤ ማታ ስዘጋ ተራ ያልደረሳቸው እየረገሙኝ ይሄዳሉ። ተቀምጬ የበላሁትን ምሳ አላስታውስም። የመጀመሪያውን ዓመት በጎ ሥራ ነው የምሠራው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ፤ በሁለተኛው ዓመት ማጽናናቱም ደከመኝ። በወር አንድ ጊዜ አንድ ወጣት ፈረንጅ ሐኪም በላንድሮቨር ይመጣል። ከባድ ከባዱን በሽተኛ ለሱ አቆይለትና አስተረጉማለሁ። ክረምት ሲገባ ግን መኪናው ጭቃውን አያልፍም፤ ያኔ እኔና አላህ ብቻ እንቀራለን።

በጥር ወር አንዲት ሴት ሰልፉን ጥሳ ገባች። በዕድሜ የኔ እኩያ ትሆናለች። ተራ ጠብቂ ብላት “ተራ የሚጠብቅ በሽታ አይደለም” አለችኝ። የመሪጌታው ባለቤት ነበረች። መሪጌታው የከተማው የቅኔ መምህር ናቸው፤ ተማሪ ከየአገሩ ይጎርፍላቸዋል፣ በበዓል ቀን አዲስ ቅኔያቸውን ለመስማት ሰው ከሩቅ ወረዳ ድረስ ይመጣል።

“ምን ሆኑ?” አልኳት።

“ቤተ ክርስቲያን መግባት አቃተው።”

“እግራቸውን ነው?”

“እግሩማ ደኅና ነው።” ዙሪያዋን ቃኝታ ድምጿን ዝቅ አደረገች። “ዓመት ሊሞላው ነው። ሕዝቡ ሲበዛና በሩ ሲርቀው ይንቀጠቀጣል፤ ላብ ያጠምቀዋል፤ ሮጦ ይወጣል። አሁንማ ጭራሽ ከቅጽሩ በር አያልፍም። ሰው ምን እንደሚል ታውቃለህ?”

አውቃለሁ። ገበያው ሁሉ ሲያወራው ሰምቻለሁ፤ ካህን ከቤተ ክርስቲያን የሚያስሮጠው ሰይጣን ነው ይላሉ። ጠበልም ተሞክሮ ነበር። ጠበሉ ዘንድም ሰው ስለሚጋፋ ከዚያም ሮጠው ወጡ፤ ይኸ ደግሞ ወሬውን አባሰው።

“የደብሩ አለቃ እስከ ነሐሴው ንግሥ ጊዜ ሰጥተውታል” አለችኝ። “ያን ቀን ቅኔ ማኅሌት ገብቶ፣ ቦታው ላይ ቆሞ ካልተቀኘ ወንበሩን ለሌላ መምህር ይሰጣሉ። ወንበሩ ከሄደ ተማሪዎቹ ይበተናሉ። እሱ ደግሞ ሌላ ምን ሥራ አለው? በቁሙ ይሞትብኛል።”

ሐኪሙ እስኪመጣ ሁዳዴ ገባ። መሪጌታው ሰው እንዳያያቸው በጓሮ በኩል ገቡ። ረዥም ናቸው፤ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ወንበሩን ወደ በሩ አስጠግተው ተቀመጡ።

“ምን እንደሚፈሩ ጠይቃቸው” አለኝ ሐኪሙ።

“የኔታ፣ ምንድን ነው የሚፈሩት?”

ቀና ብለው ገላመጡኝና “እግዚአብሔርን ነዋ!” አሉ።

እንዳሉት ተረጎምኩት፤ ሐኪሙም እንዳልኩት ጻፈው። ጥፋቱ የኔ ነው። ለቤተ ክህነት ሰው ፍርሃት ትልቅ ምግባር ነው፤ እንደ ተቅማጥ ይጠየቃል እንዴ? ትንሽ አሰብ አደረግሁና “ልብዎ ምን ይሆናል?” ብዬ ለወጥኩት። ይኼኔ ፊታቸው ተለዋወጠ።

“ልቤ በርግጎ ይሄዳል። እጄ ይደነዝዛል፤ ትንፋሽ ያጥረኛል። አሁን፣ እዚሁ፣ በሰው ሁሉ ፊት ሞትኩ እላለሁ። ሞትንስ አልፈራም ልጄ። ይኸ ሞትም አይደለም።” ከዚያ አለቀሱ። የከተማው ሰው ሁሉ የሚነሣላቸው ሽማግሌ በኔ ፊት ሲያለቅሱ ዓይኔን የማሳርፍበት ጠፋኝ።

ሐኪሙ በሽታው የታወቀ መሆኑን ነገረኝ። ኢሚፕራሚን የሚባል መድኃኒት አለ፤ የተሠራው ለከባድ ትካዜ ነው፤ ግን እንዲህ ያለው ድንገተኛ ፍርሃት የያዛቸውም ሰዎች እየተሻላቸው ነው አለ። ቶሎ አይሠራም፤ ሳምንታት ይፈጃል። አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ብድግ ሲሉ ያዞራል። ከሁሉ በላይ፣ ከተጀመረ በድንገት አይቋረጥም። በሚቀጥለው ጉዞው አንድ ቆርቆሮ ሙሉ አመጣልኝ። እኔም ለመሪጌታው “በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ” ብዬ ሰጠኋቸው። ይህን ቃል በቀን መቶ ጊዜ ስለምለው ሳላስበው ነው ከአፌ የሚወጣው።

በአራተኛው ቀን ባለቤታቸው ነጠላዋን እየጎተተች መጣች። “ወደቀብኝ!” ሮጬ ሄድኩ። መሪጌታው መደብ ላይ ተጋድመው ጣራ ጣራውን ያያሉ።

“የኔታ፣ እንዴት ነበር የዋጡት?”

“እንዳልከኝ ነዋ። ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ አልከኝ። ጾም ነው፤ ምግቡ በዘጠኝ ሰዓት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ከምግቡ በኋላ አንዱን ዋጥኩ፣ ከምግቡ በኋላ ሁለተኛውን ዋጥኩ፣ ከምግቡ በኋላ ሦስተኛውን ዋጥኩ። ምኑን አጠፋሁ?”

ሰዋስው ሲያስተምር የኖረ ሰው እንዲህ ሲል ምን ይባላል? ሳልፈልግ ሳቅ አመለጠኝ። እሳቸውም በተኙበት ፈገግ አሉ። ግን ወደ ጤና ጣቢያ ስመለስ በራሴ ተናደድኩ። እኔ ራሴ ረመዳንን የምጾም ሰው! በሁዳዴ ለካህን ከምግብ በኋላ ሦስት ጊዜ ማለት ምን የሚሉት ድንቁርና ነው? እስከ ፋሲካ አንዱን በዘጠኝ ሰዓት፣ አንዱን ሲተኙ እንዲወስዱ አደረግሁ፤ ከፋሲካ በኋላ ወደ ሦስት መለስኩት።

በግንቦት ለውጥ መጣ። መጀመሪያ እንቅልፍ ተኙ። ከዚያ ገበያ መሐል ሲሄዱ ታዩ። በሰኔ በአዘቦት ቀን፣ ሰው ሳይበዛ፣ ቤተ ክርስቲያን ገቡ፤ ሳይሮጡም ወጡ። ባለቤታቸው ያን ቀን ጤና ጣቢያ ድረስ መጥታ በሰልፈኛው ሁሉ ፊት ጉልበቴን ካልሳምኩ አለች፤ በስንት ትግል አስተውኳት። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ያን ያህል ዓመት ቁስል ሳጥብ የዳነውን ሰው ዞር ብዬ አይቼ አላውቅም፤ እኚህን ግን በየቀኑ አያቸዋለሁ። ንግሡ ሲደርስ በቦታቸው ቆመው ሲቀኙ ከውጭ ሆኜ ልሰማ ቀን መቁጠር ጀመርኩ።

አንድ ነገር ብቻ አስቸገረን፤ አፋቸው ደረቀ። “ምላሴ ከላንቃዬ ይጣበቃል፤ ሳስተምር ድምፄ ይሰነጠቃል” ይሉኛል። ውሃ ይጎንጩ፣ ሎሚ ይምጠጡ አልኳቸው። ያደርጋሉ፤ ይሻላቸዋል። ከቅዳሴ በፊት ግን ውሃም ሎሚም ከአፍ አይገባም። እሱ ነው ያሳሰበኝ።

ነሐሴ ገባ። ዝናቡ ያለ ማቋረጥ ይወርዳል፤ መንገዱ ተዘጋ፤ ሐኪሙ ቀረ። የፍልሰታ ጾም ሲያዝ መሪጌታው ከቅጽሩ አጠገብ ባለች ጎጆ ሱባዔ ገቡ፤ ከሰው ተለይተው፣ የራሰ ሽምብራ እየቀመሱ፣ ሲጸልዩና የንግሡን ቅኔ ሲያወጡ ሊሰነብቱ። ከመግባታቸው በፊት አስጠንቅቄያቸው ነበር።

“የኔታ፣ ኪኒኑን እንዳይተዉ። ከተዉት ያ ነገር ይመለሳል።”

“እሺ ልጄ።”

ባለቤታቸው በየቀኑ ኪኒኑን በወረቀት ጠቅልላ ከሽምብራው ጋር ትወስድላቸዋለች። “ይውጣሉ?” እላታለሁ። “እጁ ላይ አስቀምጬለት ነው የምመጣው” ትለኛለች። እኔም በዚሁ አርፌ ሥራዬን ቀጠልኩ። ክረምቱ ወባና ተስቦ ይዞ መጥቶ ስለነበር ቆሜ የምተኛበት ጊዜ ነበር።

የንግሡ ዕለት ጎህ ሲቀድ ከቅጽሩ በር ላይ ቆምኩ። በግፊያው ለሚወድቅ ሰው እንድገኝ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ስላዘዘ እዚያ ለመቆም ምክንያት ነበረኝ። ዝናቡ አባርቷል። ሕዝቡ ቅጽሩን ሞልቶ ውጭ ድረስ ተርፏል። መሪጌታው በሕዝቡ መሐል አልፈው ሲገቡ አየኋቸው። ፊታቸው ገርጥቶ ነበር፤ የሱባዔው ነው ብዬ አለፍኩት። ከውስጥ ዝማሬው ይሰማል፤ ከበሮው ይሰማል። ከዚያ ጸጥ አለ። አጠገቤ የቆሙ አንድ ሽማግሌ “አሁን መሪጌታ ሊቀኙ ነው” ብለው ጆሯቸውን ቀሰሩ።

ምንም አልተሰማም። ሰው እርስ በርሱ መተያየት ጀመረ። ጸጥታው እንደዚያ ሲረዝም ሰምቼ አላውቅም። በመጨረሻ የወጣት ድምፅ ተሰማ፤ ከተማሪዎቻቸው አንዱ ነበር፣ በሳቸው ቦታ የራሱን ቅኔ የጀመረ። ሽማግሌው በቀስታ “ኧረ በስመ አብ” አሉ።

መሪጌታውን ሁለት ካህናት ግራና ቀኝ ደግፈው አወጧቸው። ላብ አጥምቋቸዋል። ሕዝቡ ከበባቸው። አለቃውም ተከትለው ወጥተው “ምን ሆነ? ምን ነካህ?” አሉ። መሪጌታው ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። ከዚያ በደረቀ ድምፅ፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ “አፌ ደረቀ። መድኃኒቱ አፌን አደረቀው” አሉ።

አመንኳቸው፤ ለምን አላምንም? አፍ እንደሚያደርቅ የነገርኳቸው እኔ፣ እንዳይተዉት ያስጠነቀቅኳቸው እኔ። ለአንድ ቀን እንኳ ልቀንስላቸው ብዬ ሳላስብ ድምፃቸውን ቀማኋቸው አልኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመተረክም ይደክመኛል። ባለቤታቸው መጥታ ያን ዕለት ጉልበቴን ልሳም ያለችበት ቦታ ላይ ቆማ “ባሌን ዲዳ አደረግህብኝ፤ አንተንም ልሳንህ ይዘጋ!” ብላ ረገመችኝ። ሰልፉ ሳሳ። እናቶች ለልጆቻቸው የምሰጠውን ኪኒን እየተቀበሉ በር ላይ ይጥሉታል፤ ማታ ስወጣ እለቅመዋለሁ። ወሎዬው እስላም መሪጌታውን አፈዘዛቸው ተባለ። መሪጌታው ግን ወንበራቸው አልተነካም። መድኃኒት የጎዳው ሰው ነው፣ ይታዘንለታል ተብሎ ሌላ ዓመት ተሰጣቸው። እኔ ለሕዝብ ጸጥታ ሲባል የሚል ደብዳቤ ደረሰኝና ሞጣ ተዛወርኩ። ከመሄዴ በፊት ይቅርታ ልጠይቅ ቤታቸው ሄጄ ነበር። ተማሪዎቹ “የኔታ ተኝተዋል” አሉኝ። በመስኮቱ ነጠላቸውን አየሁት፤ ቁጭ ብለው ነበር።

ሞጣም ያው ነው፤ ሰልፉ፣ ቁስሉ፣ እርግማኑ። ልዩነቱ፣ እዚያ ኪኒን ስሰጥ ሁለት ሦስት ጊዜ እቆጥራለሁ። ለራስ ምታት የሚሆን ኪኒን እንኳ ስሰጥ አፋቸውን ያደርቀው ይሆን እላለሁ። በጋውን ሙሉ እሳቸውን የማላስብበት ቀን አልነበረም።

በየካቲት መጨረሻ ማለዳ በሩን ስከፍት መሪጌታው ከሰልፉ ፊት ተቀምጠዋል። ሁለት ቀን በበቅሎ ተጉዘው ነው የመጡት። እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸው፤ ይቅርታዬን ልጀምር ስል በእጃቸው አስቆሙኝ።

“አልዋጥኩትም” አሉ።

“ምኑን?”

“ኪኒኑን። ሱባዔ ከገባሁ ጀምሮ አንድም አልዋጥኩም። በሱባዔ ይኸ ነገር ከአፌ አይገባም አልኩ። እሷ ስታመጣ እቀበላታለሁ፤ ስትሄድ ጎጆው ሥር እቀብረዋለሁ። እሷም አታውቅም ነበር።”

ቃሉ ቶሎ አልገባኝም። “ታዲያ ያን ቀን አፍዎን ያደረቀው . . .”

“ያው የጥንቱ ነው። ተመልሶ ነው።”

ተቀመጥኩ። ከዚያ ተነሣሁ። በሽማግሌ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ጮህኩ። “ታዲያ ለምን በኔ አመካኙ? ምን በደልኩዎት?”

“ምን ልበል ልጄ? ያ ሁሉ ሕዝብ አፍ አፌን ያየኛል። መድኃኒቱ ነው ካላልኩ ሰይጣን ነው ሊሉ ነው። ሰይጣን ካሉ ወንበሬ ሄደ፤ ልጆቹ ተበተኑ። ዞር ስል አንተ ቆመሃል። አንተን ሰጠኋቸው።”

ደሜ ፈላ። ከስድስት ወር በላይ በሳቸው ኃጢአት እንቅልፍ አጥቼ! ከክፍሉ ወጥቼ ጓሮ ቆምኩ። ላባርራቸው ወሰንኩ። ግን አንድ ነገር አልለቀኝ አለ። እኔ በረመዳን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ሐኪሙ ራሱ ቢለምነኝ ኪኒን እውጣለሁ? ወላሂ አልውጥም። ታዲያ እኚህ ሽማግሌ በሱባዔያቸው ይውጣሉ ብዬ ያመንኩት እንዴት ነው? ያየሁት የራሴን ድል ብቻ ነበር። ንዴቴ ግን በዚህ አልበረደም፤ ሁለቱም አብረው ተቀመጡብኝ።

ስመለስ የመጡበትን ነገሩኝ። ወንበሩ ለመጪው ነሐሴ እንደገና ቀጠሮ ተይዞለታል። ቢቸና ላይ መድኃኒቱ አበላሸኝ ካሉ በኋላ እዚያው ጠይቀው ሊውጡ አይችሉም። የነፍስ አባታቸውን አስፈቅደዋል፤ “ሕመምተኛ ነህ፣ በጾምም ቢሆን ዋጥ” ብለዋቸዋል። አሁን ለባለቤታቸውም ነግረዋታል። የቀረው እኔ ብቻ ነኝ።

“እሰጥዎታለሁ” አልኩ። “ግን እርስዎም ስሜን ይመልሱልኝ። ሄደው እውነቱን ይንገሯቸው።”

“በግልጽ ከተናገርኩ ሰይጣኑም ይመለሳል፣ ወንበሩም ይሄዳል። በቅኔዬ እነግራቸዋለሁ። ሰሙ የበዓሉ ይሆናል፤ ወርቁ ያንተ። የሚያውቅ ያውቀዋል።” እጄን ይዘው ማሉልኝ። ቢቸና ላይ ተርፎኝ ይዤው የመጣሁትን ቆርቆሮ ሰጠኋቸው፤ ለሐኪሙም ተጨማሪ እንዲልክ ጻፍኩ።

ነሐሴ አለፈ። መስከረም ላይ አንድ የቅኔ ተማሪ ከቢቸና ወደ ሞጣ ሲያልፍ እግሩን እሾህ ወግቶት መጣ። እሾሁን እየነቀልኩለት ጠየቅሁት። መሪጌታው ቅኔ ማኅሌት ገብተው፣ ቦታቸው ላይ ቆመው፣ ድምፃቸው ሳይሰበር ተቀኝተዋል። ሕዝቡ በእልልታ አቅልጦታል። አለቃው አቅፈው ስመዋቸዋል። ተማሪው ቅኔውን በቃሉ ይዞታል።

ልጁን እያነከሰ ይዤው የእግር ቁስላቸውን ወደማጥብላቸው አንድ የሞጣ የቅኔ ሊቅ ቤት ሄድኩ። ልጁ ቅኔውን በግእዝ አለው። ሊቁ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ፤ “ደግመው” አሉት፤ ደገመው። ከዚያ “ይበል! ይበል!” ብለው ጭናቸውን መቱ።

“ወርቁ ምንድን ነው አባቴ?” አልኳቸው።

ፈቱልኝ። እመቤታችን፣ ዕርገቷ፣ ሐዋርያት ያገኙት ባዶ መቃብር።

“ስለ ሌላ ሰው ነገር የለበትም?”

“ስለ ማን?”

“ለምሳሌ ያለ ጥፋቱ ስለ ተወቀሰ ሰው። ስለ ሐኪም። ስለ መድኃኒት።”

“መድኃኒት የሚል ቃልማ አለበት።”

“የቱ ጋ ነው?” አልኩ።

ሊቁ ሳቁብኝ። “በግእዝ መድኃኒት መዳን ነው ልጄ፣ ጌታችን ነው። እስቲ መድኃኒት የማይል ቅኔ አምጣልኝ? አንተ እስላም፣ ዛሬ ምን ነካህ?”

“ደግመው ይዩልኝ።”

ልጁን ለሦስተኛ ጊዜ አስባሉት። ቃል በቃል ገለባበጡት፤ ስለ ጠየቅኋቸው ብለው በደንብ ነው ያዩት። በመጨረሻ ራሳቸውን ነቀነቁ። “ድንቅ ቅኔ ነው። አንተ የምትለው ግን የለበትም” አሉኝ።

ተናደድኩ? አዎ። አለቀስኩም፤ ወደ ቤት ስሄድ፣ መንገድ ላይ፣ ሰው እያየኝ። በጥቅምት የመሪጌታው ባለቤት ኪኒኑ ሊያልቅ ነው ብላ ሰው ላከችብኝ። ሰላምታም ይቅርታም አልነበረበትም፤ የተጠቀለለ ባዶ ወረቀት ብቻ። የሦስት ወሩን ቆጥሬ በዚያው ወረቀት ጠቀለልኩና ለተላከው ሰው ሰጠሁት። ሰልፉ ይጠብቀኝ ነበር።